የከርነሉ ኩታ ገጠም

ድንች ልቀቅል ብዬ የልጄን ኮምፒውተር ከሶኬት ነቀልኩት።

ሌላ ቀን ቢሆን "ሽማግሌ ነው፣ ዓይኑ ደክሟል" ይባልልኝ ነበር። ያን ዕለት ግን የሚባልልኝ ነገር አልነበረም። ያ ኮምፒውተር እንዳይጠፋ ክረምትና በጋ እንደ ታቦት ስጠብቀው ኖሬ፣ ሥራውን ጨርሶ በክብር ሊጠፋ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ልሰካ ብዬ ገመዱን በገዛ እጄ መዘዝኩት። ወዲያው ዩፒኤስ የሚሉት የባትሪ ሳጥን "ጢጥ፣ ጢጥ" ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ ስልኬ መሰለኝና "ሃሎ!" አልኩ። መልስ ሳጣ ተቆጣሁ። "ማን ልበል? ደውላችሁ ዝም ትላላችሁ እንዴ?" እያልኩ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቤቱን ዞርኩ።

ያዳነኝ ጎረቤቴ ነው። ግድግዳ እንጋራለን። ምስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥ የዕድሜ እኩያዬ ሲሆን መካ ደርሶ ስለመጣ የከተማችን የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ ሐጂ ይለዋል። ጩኸቱን በግድግዳው ሰምቶ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ ገባ።

"አንተ ሰውዬ! ገመዱን ምን አደረግኸው?"

"የምን ገመድ?"

"በእጅህ የያዝከውን ነዋ!"

ለካ ይዤዋለሁ፤ ስልኩን በቀኝ፣ ገመዱን በግራ። ነጥቆኝ መልሶ ሰካው፤ ጩኸቱ ቆመ። "ያ ረቢ! ልጅቷ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መርጣ ይሄን ዋርድያ አደረገች!" አለና ከደረቁ አግዳሚ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከጠረጴዛው ሥር ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ያንጎራጉራል።

"አልጠፋም" አልኩት።

"አልጠፋም። አልሐምዱሊላህ። አሁን ምድጃህን ወዲያ በለው።"

ድንቹ ጥሬውን ቀረ።

አንድ ኮምፒውተር ባይጠፋ ምን ይፈይዳል የሚል ይኖራል። እኔም ብያለሁ። ልጄ በከተማችን ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምር ነበር። ከማስተማሩ ሌላ ግን አንድ የልቧ ሥራ ነበራት። በኮምፒውተር ውስጥ ከፕሮግራሞቹ ሁሉ ሥር ተቀምጦ ሜሞሪ የሚያድል፣ ተራ የሚያስይዝ፣ የሚዳኝ ክፍል አለ፤ የስርዓተ ክወናው አስኳል ነው፤ ከርነል ይሉታል። ይህን ከርነል በነፃ የሚያሻሽሉ ሰዎች በየአገሩ ተበትነው በኢሜይል ይሠራሉ። እሷም እዚህ ተቀምጣ፣ ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ፣ ፊታቸውን አይታ ከማታውቃቸው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ትሠራለች፤ ትከራከራለች፤ አንዳንዴም ታኮርፋለች።

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመሬት ጽሕፈት ቤት ገመድ ስጎትት ነው። ደጎሎም አቀስታም ተመድቤ ሠርቻለሁ። አባት ሲሞት ማሳውን ለልጆቹ እቆርሳለሁ፤ ከልጆቹ አንዱ ሲሞት ደግሞ የእሱን ለልጆቹ እቆርሳለሁ። ጡረታ ልወጣ ስል የምሰጠው ቁራሽ ከማነሱ የተነሳ በሬ ተጠምዶ መዞሪያ ያጣ ነበር፤ ፊቱ በአንዱ ማሳ፣ ጭራው በሌላው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው ግብርናዎች መጥተው ኩታ ገጠም ያሉት። ድንበርተኞች ማሳቸውን ገጥመው አንድ ዓይነት ስንዴ፣ በአንድ ሳምንት ይዘራሉ፤ ባንድ ላይ ያርማሉ፤ ባንድ ላይ ያጭዳሉ። እኔ የበጣጠስኩትን ሌላ መጥቶ ሲገጥም ማየት ደስ አይልም። ልጄ ይህን ታውቃለች፤ ስለዚህ አንድ እሁድ ሥራዋን ስታስረዳኝ በዚያው ነካችኝ። በሰው ፊት "አንቱ" ትለኛለች፤ ሁለታችን ስንሆን ግን "አንተ" ነበርኩ።

"አባዬ፣ አንድ ገበሬ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ቁራሽ መሬት በየጋራው ተበትኖ ቢኖረው ምን ይሆናል?"

"ክስ ይሆናላ። እኔ ዘንድ ይመጣል።"

"ክሱን ተወው።"

"እንግዲያው ጫማ ይጨርሳል።"

"በቃ! ፕሮሰሰሩም ጫማ ነው የሚጨርሰው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሞሪው በትንንሽ ገጽ ተቆራርሷል። ከርነሉ ሰፋ ያለ ቦታ ሲፈልግ ከዚህም ከዚያም ክፍት ያገኘውን ትንሽ ገጽ ይለቃቅምና አንድ ማሳ አስመስሎ ይጠቀምበታል። ፕሮሰሰሩ ግን የትኛው ቁራሽ የት እንዳለ በእያንዳንዱ ጊዜ ማወቅ አለበት። አጠገቡ የሚይዛት የአቅጣጫ ማስታወሻ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ቶሎ ትሞላለች። ስትሞላ ሩቅ ሄዶ መዝገብ ማገላበጥ ነው። አምስት መቶ አሥራ ሁለቱ ትንንሽ ገጾች ጎን ለጎን ተገኝተው እንደ አንድ ግዙፍ ገጽ ቢያዙ ግን ለሁሉም አንዲት መስመር ትበቃቸዋለች።

"ታዲያ ሁሉንም ኩታ ገጠም አድርጉታ!" አልኳት። በሰው ማሳ ማዘዝ ቀላል ነው።

"ከመሃል ጎጆ የቀለሰ ቢኖርስ?"

የተራ ፕሮግራም ዕቃ ተነስ ሲባል ይነሳል አለችኝ፤ ሌላ ቦታ ይወስዱታል፣ ባለቤቱም አያውቅም። የከርነሉ ዕቃ ግን አብዛኛው ካረፈበት አይነሳም። እዚያ አለ ብሎ የሚተማመንበት ብዙ ነው። አንዲት ትንሽ ገጽ ይዞ ከመሃል ከተቀመጠ ዙሪያው ሁሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ያ ቦታ ግዙፍ ገጽ መሆኑ ቀረ።

"ያን ሰውዬ አውቀዋለሁ" አልኳት፤ "ፍርድ ቤት አብረን ተመላልሰናል።"

የእሷ ማሻሻያ ከርነሉ ገና ከመጀመሪያው ሙሉ ግዙፍ ገጽ ወስዶ፣ የማይነሱትን ዕቃዎቹን ሁሉ እዚያው አጠጋግቶ እንዲያሰፍር የሚያደርግ ነበር፤ በየማሳው መሃል እንዳይበተኑ።

"መንደር ምሥረታ በይው። በእኛም ጊዜ ተሞክሯል፤ ሰዉ ጣሪያውን ተሸክሞ ወደ ድሮው ተመለሰ።"

እስክታነባ ሳቀች። ሳቋ እንደኔው ነው፣ ትንሽ ያስነጥሳታል።

ማሻሻያውን ላከችው። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ "ጥሩ ነው፣ ግን አላመንኩም" አላት። ኮምፒውተር በተነሳ ማግሥት ሜሞሪው ባዶ ሜዳ ነው፤ ያኔ ግዙፍ ገጽ ማግኘት ማንንም አይከብደውም። ሳይጠፋ ከርሞ፣ ሜሞሪው አርጅቶና ተበጣጥሶ፣ ከርነሉ ያኔም ግዙፍ ገጽ ማግኘቱን አሳዪን አላት።

"ያረጀና የተበጣጠሰ ከፈለገ እኔን ውሰጅለት" አልኳት።

እሷ ግን ከኮሌጁ አሮጌ ኮምፒውተር አስፈቅዳ አመጣች። ማሻሻያዋን አስገብታ፣ ቀን ከሌሊት የሚነሱና የሚወድቁ ፕሮግራሞች ጭናበት፣ ከእኔ ሳሎን ጠረጴዛ ሥር አኖረችው። የእኔ ቤት የተመረጠው ለእኔ ሲባል አይደለም፤ መብራት ሲጠፋ ከሐጂ ሱቅ የሶላር መስመር በግድግዳው ስለሚደርሰን ነው። አንድ ጓደኛዋ ደግሞ ማሻሻያው የሌለበት ተመሳሳይ ኮምፒውተር ኮሌጁ ውስጥ አስነሳች፤ ለማነጻጸሪያ።

"አባዬ፣ አንዴ ከጠፋ ሜሞሪው ይጠራል፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ነው። ያንን እርጅና ከየትም አናመጣውም። አታጥፋው እሺ?"

"እኔ እንኳን ኮምፒውተር ሻማም አጥፍቼ አላውቅ" አልኳት። ሲመሽ በስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር ይታያል። አንደኛው ከርነሉ ጠይቆ ያገኘው ግዙፍ ገጽ ነው፤ ሁለተኛው አጥቶ ወደ ትንሹ ገጽ የወደቀበት ጊዜ ብዛት ነው። አንብቤ መንገር የኔ ሥራ ሆነ።

ጎኗን ማመም የጀመራት በዚያው ሰሞን ነው። ደሴ ሄደች፤ እኅቴ እዚያ ስላለች ከእሷ ዘንድ አረፈች። ቀላል ነው ብለውኝ ነበር። ከዚያ ሆስፒታል ተኛች ሲሉኝ ተነስቼ ሄድኩ። አጠገቧ ወንበር ላይ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ቀጥናለች። ዓይኗ ግን የራሷ ነው። በሁለተኛው ቀን "ክረምት ነው፤ መብራቱ እየሄደ ይሆናል። ሐጂ ብቻውን ነው" አለችኝ።

"ገደል ይግባ ኮምፒውተሩ።"

"አባዬ!"

"ምን አባዬ ትይኛለሽ? እዚህ እሆናለሁ።"

"እዚህ እትዬ አለች። እዚያ ማን አለ? ቁጥሩን ማን ያነብልኛል?"

ተመለስኩ። ሰው ልጁን ለእኅቱ ትቶ የኮምፒውተር አስታማሚ ይሆናል? እኔ ሆንኩ። ሲመሽ ትደውላለች። "ስንት?" ትላለች፤ ሰላምታ የለም። አነብላታለሁ። "እሰይ" ትላለች። "አንቺስ?" እላታለሁ። "እኔ ደህና ነኝ፤ ወደ ትንሹ የወደቀውስ ስንት ደረሰ?" እሱንም አነባለሁ። ድምጿ እየሳሳ ሲሄድ ቁጥሩን ቀስ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስልኩ ቶሎ እንዳይዘጋ። አንድ ምሽት ሳትደውል ቀረች፤ ብደውል እኅቴ አነሳችው። ስንት ብላ አልጠየቀችኝም። አለቀሰች፤ ቁጥሩ እጄ ላይ ቀረ።

አስከሬኗን አምጥተን እዚሁ ቀበርናት። ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ተጥሏል፤ ንፍሮው ቀርቧል። እኔ ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ግራ ቀኝ ይዘውኛል። እንግዲህ ሐዘን ቤት ሬዲዮ እንደማይከፈት፣ ቴሌቪዥን እንደሚሸፈን የማያውቅ የለም። ለቅሶው ጋብ ሲል ከጠረጴዛው ሥር "እምምም" የሚል ድምፅ ተሰማ። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ኧረ ምን ጉድ ነው! ሬዲዮኑን ዝጉ እንጂ፤ ሐዘን ቤት ነው!"

አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ገመዱን ያዘች። ቅድም ደግፈው ያስገቡኝ ሰውዬ እንዴት እንደተነሳሁ እኔም አላውቅ። "አትንኩ!" ብዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

"አይ፣ ሐዘን ነው፤ ያዙት" ተባለ።

"ሬዲዮ አይደለም!"

"ታዲያ ምንድን ነው ወንድሜ?" አሉኝ ሽማግሌው፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው።

ምን ይባላል? ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው ቤቱን ሞልቷል፤ ቄሱ ተቀምጠዋል። "የከርነል ግዙፍ ገጽ ነው" አልኩ። በእውነት አልኩ። ሰዎቹ ተያዩ። "በቃ፣ ወደ ጭንቅላቱ ወጣበት" ሲሉ ሰማሁ። እስከ ዛሬ ጠጅ ቤት ይወራል አሉ፤ ሰውየው ልጁን በቀበረ ዕለት ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ስለ ገጽ ሰበከ እያሉ።

ያኔ ነው ሐጂ ከበሩ ሆኖ የተናገረው። ከለቀስተኛው ጋር ቀብሩ ድረስ ሄዶ ከእኔ ኋላ መግባቱ ነበር። "ጀመዓ፣ የልጅቷ አማና ነው" አለ። "አታጥፉት ብላ የሰጠችን ነው። አማና ደግሞ በሐዘን ቤት ደንብ አይሻርም።" ሽማግሌው አሰቡበት። "አደራ ከሆነስ ይቆይ" አሉ። ድምፁ ግን ከበዳቸው መሰለኝ፣ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ኮምፒውተሩን አለበሱት። እኔም ከፍራሹ እንደገና ተነስቼ ጋቢውን ገፈፍኩ። "ይሞቀዋል" አልኩ። ልጄን አፈር አልብሼ መጥቼ ኮምፒውተር እንዳይሞቀው ጋቢ እገፍፋለሁ። ከዚያ በኋላ አልቅሼ አልቅሼ ደከመኝ።

ሳልስቱም አርባውም አለፈ፤ ሰዉ ወደየቤቱ ገባ። መሸት ሲል እግሬ ራሱ ወደ ስክሪኑ ይወስደኛል። ቁጥሩን አነባለሁ። ለማን እንደምናገር ሳላውቅ ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ እንደ ለመድነው። አንድ ምሽት አንብቤ ሳልጨርስ ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ መጣ።

"ስንት አልክ?"

ሐጂ ነው። ዕቃ እያስገባ ነበር። ደግሜ አነበብኩ።

"ወደ ትንሹ የወደቀውስ?"

ነገርኩት። "ማሻአላህ" አለ። የምስማር ሣጥን ሲጎትት ተሰማኝ። በማግሥቱም ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ሳይጠይቅ ያደረበት ምሽት አላስታውስም። ግዙፍ ገጽ ምን እንደሆነ ገብቶት ነው? "አይገባኝም" ይላል፤ "አንተም አይገባህ፤ ዝም ብለህ አንብብ።"

ሙት ዓመቷ ካለፈ በኋላ ያቺ ጓደኛዋ፣ ኮሌጁ ውስጥ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ያስነሳችው መምህርት፣ መጣች። ማሻሻያውን በልጄ ስም እንደገና ልካዋለች። ሰዎቹም የዚህን ኮምፒውተር ውጤት እየጠበቁ ነው። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ይቀበሉታል፤ ካልሆነ ይወድቃል፤ ሌላ ኮምፒውተር እንዲህ አድርጎ የሚያስረጅም ሰው የለም። ኮሌጁም ዕቃውን መልሱ ብሏል። ቀን ቆረጥን። የቆረጥነው ቀን ደረሰና፣ ለእሷ ምሳ ድንች ልቀቅል ብዬ ያን ያደረግሁትን አደረግሁ።

ስትመጣ ሐጂ አልቆየም፤ ሳትቀመጥ ከሰሰኝ። "ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ነቅሎት ነበር።"

ክው አለች። "አባባ! ጠፋ?"

"ባትሪው ያዘው። እኔ ግን ልጠፋ ነበር" አልኳት።

ሳቀች። ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። የጻፈችውን አላየሁም፤ የማየው ፊቷን ነበር። መሬት ስለካ ባለጉዳዮቹ የእኔን ፊት እንዴት ያዩ እንደነበር ያን ዕለት ገባኝ። ቆየች። ከዚያ ወንበሯን አዞረች።

"አባባ፣ ኮሌጅ ያለው ተበጣጥሶ አልቋል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግዙፍ ገጽ ማግኘት አቁሟል። የርስዎ ግን ይኸው፣ ከርነሉ ዛሬም ከሚጠይቀው አብዛኛውን እያገኘ ነው።"

"ሠርቷል ማለት ነው?"

"ሠርቷል። ጉድለት አለው፤ አልደብቅዎትም። ሙሉ ግዙፍ ገጽ ተይዞለት አንዲት ትንሽ ዕቃ ብቻ የተቀመጠበት ቦታ አለ። የሚባክን ነው። እሷም አስቀድማ ጽፋዋለች።"

"አንድ ሰው ብቻ የቀረበት ሰፊ ቤት በይው" አልኩ። ልቀልድ ብዬ ነበር። አልሳቁልኝም።

ቁጥሩን ሁሉ ገለበጠች፤ ወደ ሌላ ቦታም ላከችው፤ መድረሱን አረጋገጠች። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ማጥፋቱ ብቻ እንደቀረን ሁላችንም እናውቃለን።

"ዛሬን ይደርልኝ" አልኳት።

"አባባ፣ ከዚህ በኋላ ቢቆይ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚፈለገውን ሰጥቷል። ተማሪዎቹም ሰኞ ይጀምራሉ።"

"ገብቶኛል። ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።"

"አብሽር" አለኝ ሐጂ፣ ትከሻዬን ይዞ። 

"እንግዲያው አንቺ አጥፊው" አልኳት። "እኔ አታጥፋው ተብያለሁ።"

አንድ ነገር ጻፈች፤ ጣቷን አሳረፈች። ስክሪኑ ላይ ጽሑፎች ወርደው አለቁ። ማራገቢያው ትንሽ ዞረ፤ ዘገየ፤ ቆመ። ያ "እምምም" ምን ያህል ቤቱን ይሞላው እንደነበር ያኔ ገባኝ። የሐጂ ትንፋሽ ይሰማል። በአስፓልቱ የምትወርድ ሚኒባስ ረዳት "ደሴ! ደሴ!" ሲል ይሰማል። ሽማግሌው ሐዘን ቤት ነው ያሉት ለካ ይሄን ኖሯል። የእኔ ቤት ያን ዕለት ነው ሐዘን ቤት የሆነው።

መምህርቷ ኮምፒውተሩን አቅፋ ልትወጣ ስትል ከደጃፉ ተመለሰች።

"አባባ፣ አንድ ነገር ቀርቶናል። ማሻሻያው ሥር የጻፈችው፣ ያየው፣ የፈተነው እየተባለ በየመስመሩ ስም ይሰፍራል። የፈተነው በሚለው የርስዎ ስም ነው የሚገባው። ያለዚያም ይቀበሉታል፤ ግን የርስዎ ሥራ ነው። ራስዎ መላክ አለብዎ፤ እኔ ልልክልዎ አልችልም።"

"እኔ? ድንች ልቀቅል ብዬ የነቀልኩት?"

"እሱንም ጻፈው" አለ ሐጂ።

"አንዲት መስመር ናት፣ አባባ።" ኢሜይሉን ስልኬ ላይ ከፈተችልኝ፤ የት እንደምጫንም አሳየችኝ።

ማሻሻያውን ተቀብለውታል፤ መምህርቷ ደውላ እልል ብላ ነግራኛለች። ከርነሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ገና ሳምንታት አሉ፤ መስመሬም እስከዚያ ትደርሳለች አለችኝ። ጽፌያታለሁ። የልጄ ስም ከላይ ነው፤ የእኔ ከሥሩ። መላኪያዋን ግን አልተጫንኩም። ከተጫንኩ በኋላ ስለዚህ ሥራ ከእኔ የሚፈለግ ነገር የለም፤ የሚጠይቀኝም የለም። ትናንትም "አባባ፣ ያቺ መስመር?" ብላ ጻፈችልኝ። "ነገ" ብዬ መለስኩ። ያቺን አንዲት መስመር እስካሁን አልሰጠኋትም።